«ሆርኽ!»፦ ስለ አንድ የጀርመንኛ ግሥ ትርጉምና አመጣጥ

አውጉስት ሆርኽ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1899 በኮሎኝ ከተማ በገዛ ስሙ የሚጠራ የመኪና ፋብሪካ አቋቋመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።) ፋብሪካው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጽቪካው ወደምትባለው የሳክሶኒ ከተማ ተዛወረ። ሆርኽ ግን ከኩባንያው አመራር ጋር ባለመስማማቱ በ1909 ጥሎ ወጣና በዚያችው ከተማ ሁለተኛ ፋብሪካ ከፈተ፤ ይህንንም በስሙ ሰየመው። የቀድሞው ኩባንያ ከሰሰው። ሆርኽም ክርክሩን ተረታ፤ በገዛ ስሙ መነገድ ተከለከለ። ሰውየውና ሸሪኮቹ በአንድ ወዳጃቸው ቤት ተሰብስበው አዲስ ስም ሲያማርጡ፣ በክፍሉ ጥግ የላቲን ትምህርቱን ያጠና የነበረ የቤቱ ጌታ ልጅ፣ ስሙን ወደ ላቲን ለምን አትመልሱትም ብሎ ሐሳብ አቀረበ ይባላል። ሐሳቡ ተወደደ። ፋብሪካው ከ1910 ጀምሮ «አውዲ» ተባለ፤ እኛ አገር «ኦዲ» እያልን የምንጠራት መኪና ስሟን ያገኘችው በዚህ ሁኔታ ነው።

ልጁ ያስተዋለው ነገር ቀላል ነበር። «ሆርኽ» በጀርመንኛ የሰው መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝም ነው፤ «ሆርኸን» ከሚባለው ግሥ ይወጣል፤ «አድምጥ!»፣ «ጆሮህን አቅና!» እንደ ማለት ነው። የላቲኑ «አውዲ»ም «ስማ!» ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው ስሙን አጣ ከማለት ይልቅ ስሙን አስተረጎመ ማለት ይቀላል። ሆኖም ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም። በ«ስማ» እና በ«ሆርኽ» መካከል ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ረጅም ታሪክ ያላት ልዩነት አለች። በዚህ ጽሑፍ የምንከታተለው ያችን ልዩነት ነው።

የሳይንስ ፋኩልቲ መጽሔት ስለ አንድ የባዕድ አገር ግሥ መጻፉ ምን ይባላል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። መልሳችን አጭር ነው። የቃላትን አመጣጥ የሚመረምረው ጥናት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ በግምት የሚመራ መሆኑ ቀርቶ ሕግ ያለው፣ ትንበያ የሚሰጥና በማስረጃ የሚፈተን ሆኗል። «ሆርኸን» ደግሞ እነዚህ ሕግጋት እንዴት እንደሚሠሩ በአንድ ቃል ውስጥ ለማየት ከሚያመቹት አንዱ ነው።

ትርጉሙ

ጀርመንኛ የሚማር ሰው ቢያንስ አራት ግሦች ይገጥሙታል፤ ትንንሽ መዛግብተ ቃላት አራቱንም «መስማት» ወይም «ማዳመጥ» ብለው ያልፏቸዋል። «ሆረን» የመጀመሪያውና ሰፊው ነው፤ ድምፅ ወደ ጆሮ ሲደርስ፣ ፈለግነውም አልፈለግነውም፣ «ሆረን» እንላለን። «ጹሆረን» ለሚናገር ሰው ጆሮ መስጠት ነው። «ላውሸን» ልብን አሳርፎ፣ ወይም ተደብቆ፣ ማዳመጥ ነው፤ ሙዚቃ በጸጥታ የሚያዳምጥ ሰውም፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ የቆመ ሰውም በዚህ ግሥ ይነገርላቸዋል። አራተኛው «ሆርኸን» ነው።

«ሆርኸን» የሚነገረው የሚሰማው ነገር ደካማ፣ ሩቅ ወይም የተሸፈነ ሲሆንና ሰው ያን ነገር ለማግኘት ሲጥር ነው። እናት ሌሊት ነቅታ፣ ሕፃኑ ይተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ የራሷን ትንፋሽ ይዛ ስትቆይ፤ መካኒክ ሞተሩ ውስጥ የሚንኳኳው ከየት እንደሆነ ለመለየት አንገቱን ሲያዘነብል፤ ሰው ጆሮውን ከተዘጋ በር ላይ ሲለጥፍ፤ እነዚህ ሁሉ «ሆርኸን» ናቸው። በግሡ ውስጥ የመስማት ውጤት የለም፤ ያለው ጥረቱ ነው። ስለዚህ ጀርመናዊ ሰው «ሆርኸን» አደረግሁ፣ ነገር ግን አንዳች «ሆረን» አላደረግሁም ቢል አባባሉ ፍጹም ትክክል ነው። በአማርኛም «አዳመጥሁ፤ ግን ምንም አልሰማሁም» ማለት እንችላለን። «ሰማሁ፤ ግን አላዳመጥሁም» ማለትም እንችላለን፤ ይህን ሁለተኛውንማ አስተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኮሊን ቼሪ በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ በጆሮ ማዳመጫ አማካይነት በአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ ሁለት የተለያዩ ንግግሮች በአንድ ጊዜ እንዲገቡ አደረገ፤ ሰውየውም የአንደኛውን ጆሮ ንግግር ብቻ እየተከተለ ጮክ ብሎ እንዲደግም ታዘዘ። ከዚያም ቼሪ ችላ በተባለው ጆሮ ምን እንደተነገረ ጠየቀ። ሰዎቹ ድምፅ መኖሩን ያውቃሉ፤ የወንድ ድምፅ ወደ ሴት ሲለወጥም አስተውለዋል። የተባለውን ግን ሊናገሩ አልቻሉም። ለርዕሳችን ይበልጥ የሚገርመው፣ ንግግሩ በመሐል ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ ሰዎቹ አለማወቃቸው ነው። የጆሮ ታንቡራቸው ተርገብግቧል፤ የመስሚያ ነርቫቸው መልእክቱን ወደ አንጎል ልኳል፤ «ሆረን» በሙሉ ተከናውኗል። የጎደለው «ሆርኸን» ነበር።

አንዲት ተነባቢ

አሁን ወደ ግሡ አካል እንግባ። «ሆርኸን» ሲፈታ «ሆር» የሚለው ግንድ፣ «ኽ» የምትለው ተነባቢ፣ በመጨረሻም ጀርመንኛ የንኡስ አንቀጽ ምልክት የሚያደርገው «ኤን» ይገኛሉ። ግንዱ ከ«ሆረን» የመጣ ነው። ጥረቱን፣ ትኩረቱን፣ ጆሮ ማቅናቱን ሁሉ ተሸክማ የቆመችው «ኽ» ብቻ ናት።

ይህች ተነባቢ ቀድሞ «ክ» ነበረች። በጥንት ዘመን ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ገና ሳይለያዩ በፊት በግሥ ግንድ ላይ «ክ» በመጨመር ድርጊቱ የበረታ ወይም የተደጋገመ መሆኑን ማመልከት ይቻል ነበር። እንግሊዝኛ ከ«ሂር» (ሰማ) አጠገብ «ሃርክ» (ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠ) የሚል ቃል አለው፤ ከ«ቴል» (ነገረ) አጠገብም «ቶክ» (ተነጋገረ) አለ። ጀርመንኛ በበኩሉ ከ«ሽናረን» (የመንኳኳትና የመሻከር ድምፅ አሰማ) አጠገብ «ሽናርኸን» (አንኮራፋ) አለው። ማንኮራፋት በእርግጥ የበረታና የተደጋገመ ድርጊት መሆኑን አንባቢ አይክደንም።

ታዲያ እንግሊዝኛው «ክ» ሲል ጀርመንኛው ለምን «ኽ» አለ? በግምት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በደቡባዊው የጀርመን ደጋ ይነገሩ በነበሩት ዘዬዎች ውስጥ የተነባቢዎች መፈናቀል ተካሄደ፤ ከአናባቢ፣ በአንዳንድ ቃላትም ከ«ር»ና ከ«ል» ቀጥላ የምትመጣ «ክ» ወደ «ኽ» ተለወጠች። እንግሊዝኛ ይህ ለውጥ አልደረሰበትም። ስለዚህ እንግሊዝኛው «ሜክ» ሲል ጀርመንኛው «ማኸን»፣ «ቡክ» ሲል «ቡኽ»፣ «ሚልክ» ሲል «ሚልኽ» ይላል። «ሃርክ» የሚለውን እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅና ሕጉን የተማረ ሰው፣ ጀርመንኛውን ሳያይ መጨረሻው «ርኽ» ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ይችላል፤ መዝገበ ቃላቱን ሲከፍትም ያንኑ ያገኛል። ለውጡ ያልደረሰው የሰሜኑ ቆላማ ጀርመንኛ ደግሞ «ሆርከን» በማለት «ክ»ን እስከ ቅርብ ዘመን ይዟት ቆይቷል።

ጀርመንኛውን በጽሑፍ ያዩ ሰዎች ሌላ ጥያቄ ሊያነሡ ይችላሉ። የ«ሆረን» አናባቢ በላዩ ሁለት ነጥብ አለው፤ የ«ሆርኸን» ግን የለውም። በአነጋገርም ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ከንፈርን እንደ «ኦ» አሹሎ፣ ምላስን ግን እንደ «ኤ» ወደ ፊት አምጥቶ የሚነገር ሲሆን የሁለተኛው ንጹሕ «ኦ» ነው። አንድ ግንድ ከሆኑ ለምን ተለያዩ? ምክንያቱ የጠፋ ድምፅ ነው። በጥንቱ «ሆረን» ግንድ ቀጥሎ «ይ» ነበረች፤ ምላስ ለ«ይ» እየተዘጋጀ ወደ ፊት ሲንቀሳቀስ የቀደመውን አናባቢ አብሮ ጎተተው። በኋላ «ይ» ራሷ ጠፋች፤ የጎተተችው አናባቢ ግን እንደተጎተተ ቀረ። በ«ሆርኸን» ውስጥ «ይ» ስላልነበረች «ኦ» በቦታዋ ጸናች።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ግእዝ «ሰዳዲ» የሚለውን አማርኛ «ሰዳጅ» ይላል፤ መድረሻዋ «ኢ» ጠፍታለች፤ ከመጥፋቷ በፊት ግን «ድ»ን «ጅ» አድርጋታለች። «ከፈተ» ብለን «ከፋች»፣ «አደመጠ» ብለን «አድማጭ» የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። በጀርመንኛ የተነካው አናባቢው፣ በአማርኛ የተነካው ተነባቢው ነው እንጂ የምላስ አሠራሩ አንድ ነው። «አድማጭ» በምንልበት ጊዜ ሁሉ ከሞተች የቆየች የአንዲት «ኢ» አሻራ በአፋችን አለ ማለት ነው።

ኦር እና ጆሮ

የ«ሆረን»ን ግንድ ከጀርመንኛ አልፈን ስንከታተል የምናርፈው በጎቶች ቋንቋ ላይ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ውልፊላ የተባለ ጳጳስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎትኛ ተረጎመ፤ ግእዝ ትርጉሙን ከጀመረበት ዘመን ብዙ የራቀ አይደለም። የዚህ ትርጉም ዝነኛ ቅጂ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሲሆን ዛሬ በስዊድን፣ ኡፕሳላ ከተማ ይገኛል። በጎትኛ «ሰማ» የሚለው ግሥ «ሀውስያን»፣ ጆሮ ደግሞ «አውሶ» ነው። በ«ሀውስያን» ውስጥ ያች የጠፋች «ይ» በግልጽ ትታያለች። ቀደም ሲል የነገርነው ታሪክ ከአእምሮ የፈለቀ ግምት አለመሆኑን ብራናው ይመሰክራል።

በ«ሀውስያን» እና በ«ሆረን» መካከል ሁለት ለውጦች አሉ። «አው» ወደ «ኦ» ተጠቃሏል፤ «ስ» ደግሞ በመጀመሪያ «ዝ»፣ ቀጥሎም «ር» ሆናለች። የመጨረሻው ለውጥ እንግዳ ቢመስልም ማስረጃው በየቀኑ በምናየው እንግሊዝኛ ውስጥ አለ፤ «ዎዝ» እና «ዌር» የአንድ ግሥ ሁለት መልኮች ናቸው፤ አንዱ «ዝ»ን ሲጠብቅ ሌላው «ር» አድርጓል። እንግሊዝኛ «ፍሪዝ» የሚለውን ጀርመንኛ «ፍሪረን» ይላል፤ በሁለቱም ውርጭ «ፍሮስት» ስለሆነ ዋናዋ «ስ» ከዚያ ውስጥ ብቅ ትላለች። ላቲንም ከጀርመንኛ ተለይቶ ለብቻው ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። እነዚሁ ሁለት ለውጦች በጆሮው ቃል ላይ ሲደርሱ «አውሶ» በጥንታዊ ጀርመንኛ «ኦራ»፣ በዛሬው «ኦር» ሆኗል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጀርመንኛ የሚማር የአገራችን ሰው «ኦር» ማለት ጆሮ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፤ «ጆሮ» እና «ኦር»! ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ምንጭ አላቸው ወደሚል መደምደሚያ ለመድረስ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። እርምጃው ግን ገደል ነው። የ«ኦር» «ር» የቅርብ ዘመን ልጅ ናት። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በቦታዋ «ስ» ወይም «ዝ» ነበረች፤ አናባቢውም «ኦ» ሳይሆን «አው» ነበር። የላቲኑ «አውሪስ»፣ የሊቱዌንያው «አውሲስ» ይህንኑ ያረጋግጣሉ። «ጆሮ»ን «ኦር» ካስመሰሉት ሁለት ድምፆች አንዳቸውም በጥንቱ ቃል ውስጥ ከሌሉ መመሳሰሉ ድንገተኛ ነው። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ኮት ስለለበሱ ወንድማማቾች ናቸው እንደማይባል ሁሉ፣ ቃላትም የሚወዳደሩት በዛሬ መልካቸው ሳይሆን ሊደረስበት በሚቻለው የመጨረሻ ጥንታዊ መልካቸው ነው። በየጊዜው በመጽሐፍና በወሬ የሚሰራጩ «ይህ የአውሮፓ ቃል ከእኛ ቋንቋ የተወሰደ ነው» የሚሉ ግኝቶች አብዛኛዎቹ የሚወድቁት በዚህች ቀላል ፈተና ነው። ደስ የሚል ግኝት ስለሆነ ብቻ ማለፍ የለበትም።

በአንጻሩ ምንም የማይመሳሰሉ ቃላት የቅርብ ዘመዶች ሆነው ይገኛሉ። የፊዚክስ ተማሪዎች የድምፅን ጥናት «አኩስቲክስ» እያሉ ይጠሩታል። ቃሉ «አኩዎ» (እሰማለሁ) ከሚለው የግሪክ ግሥ የመጣ ነው። ብዙ ሊቃውንት ይህንን «አኩዎ» እና የጎቶችን «ሀውስያን» ከአንድ ሥር ያወጧቸዋል። ለዚህ የሚያበቃቸው ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818 የጠቆመውና ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 በሰዋስው መጽሐፉ በሥርዓት ያስቀመጠው ሕግ ነው፤ በግሪክና በላቲን «ክ» የሆነው በጀርመናውያን ቋንቋዎች ቃል መነሻ ላይ «ህ» ይሆናል። መቶ በላቲን «ኬንቱም»፣ በጀርመንኛ «ሁንደርት» ነው። ልብ በግሪክ «ካርዲያ»፣ በጀርመንኛ «ሄርጽ» ነው። ያኮብ ግሪም ከወንድሙ ከቪልሄልም ጋር ተረቶችን የሰበሰበው ያው ሰው ነው።

ከዚህ ወደ ኋላ የሚሄደው መንገድ ይጠባል። አንዳንድ ሊቃውንት የ«አኩዎ»ና የ«ሀውስያን» ጥንታዊ ሥር ከሁለት ቃላት የተዋቀረ፣ «ሹል» እና «ጆሮ» የሚሉትን ያጣመረ ነው ይላሉ፤ መስማት ማለት ጆሮን ማሾል ነው እንደ ማለት። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ሁሉም ግን አልተቀበሉትም። ከ«ጆሮ» እና «ኦር» ገደል የተረፍን እኛም እዚህ ላይ መቆም እንመርጣለን።

የ«ላውሸን» ወገን ሌላ ነው። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ግሡ አድፍጦ መጠበቅ የሚል ትርጉም ነበረው፤ ብዙዎች ከእንግሊዝኛው «ሊስን» ጋር ያዛምዱታል። የአልፕስ ተራሮች አካባቢ ሰዎች ዛሬም «ስማ» ለማለት «ሎስ!» የሚሉት ከዚህ ዘር ነው። የጀርመን አዳኞች የሚዳቋንና የአጋዘንን ጆሮ «ላውሸር» እያሉ ይጠሩታል፤ አድማጭ እንደ ማለት ነው፤ ያን ጆሮ አይቶ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ከመስማት ወደ መታዘዝ

የ«ሆረን» ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከወላጃቸው በጣም ርቀዋል። «አውፍሆረን» ማለት ዛሬ «ማቆም፣ መተው» ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው አንድ ድምፅ ሰምቶ ቀና ሲልና ጆሮውን ሲያቀና የያዘውን ያቆማል፤ ጆሮ ማቅናቱ ተረሳና ማቆሙ ብቻ ቀረ። የተረሳውን ትርጉም የወረሰው «አውፍሆርኸን» ነው፤ ድንገት ነቅቶ ጆሮ ማቅናት ማለት ነው።

ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ቅርንጫፍ ነው። በ«ሆርኸን» ላይ «ገ» ሲጨመር «ገሆርኸን» ይሆናል፤ ትርጉሙም «መታዘዝ» ነው። በ«ሆረን» ላይ ሲጨመር «ገሆረን» ይሆናል፤ እርሱም በጥንት ጊዜ መስማት፣ ቀጥሎ መታዘዝ፣ በመጨረሻም «የእገሌ መሆን» ማለት ሆነ። ዛሬ ጀርመናዊ ሰው «መጽሐፉ የእኔ ነው» ለማለት የሚጠቀመው በዚህ ግሥ ነው። ቃል በቃል ቢፈታ መጽሐፉ ይሰማኛል፣ ይታዘዘኛል ለማለት ይቀርባል። ለመጽሐፍ ሲነገር ፈገግ ያሰኛል። ለሰው ሲነገር ግን ፈገግታ የለውም። በመካከለኛው ዘመን ከባላባት መሬት ጋር የተሳሰረው ገባር፣ መሬቱን ትቶ መሄድ የማይችለው ጭሰኛ፣ «ሆሪገር» ይባል ነበር፤ የሚሰማ፣ የሚታዘዝ፣ ስለዚህም የሌላ ሰው የሆነ።

ጀርመንኛን ብቻ በዚህ መውቀስ አይቻልም። የላቲኑ «ኦቦይዲሬ» (መታዘዝ) ከ«አውዲሬ» (መስማት) የተወለደ ነው፤ እንግሊዝኛው «ኦቤይ» ያለው ከዚያ ተቀብሎ ነው። ግሪክ «ሂፓኩዎ» ይላል፤ ከበታች ሆኖ መስማት እንደ ማለት ነው። ሴማውያን ቋንቋዎችም በዚህ ረገድ ከአውሮፓ አይለዩም። የግእዙ «ሰምዐ»፣ የዕብራይስጡ «ሻማዕ» ሁለቱም መስማትን ከመታዘዝ ጋር አጣምረው ይዘዋል። በአማርኛ «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ስለ ጆሮው ጤንነት መናገራችን አይደለም። እንዲህ ያለው ትይዩነት ከዘር አንድነት የመጣ ሳይሆን ከሰው ልጅ ኑሮ የመነጨ ነው፤ የበላይ የሚናገርበት፣ የበታች የሚሰማበት ኑሮ በሁሉም ዘንድ ስለነበረ ነው።

ሆኖም የእኛ ቃል የወለዳቸውን ሌሎች ልጆች ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። በግእዝ ከ«ሰምዐ» «ስምዕ» (ምስክርነት) እና «ሰማዕት» ይወጣሉ፤ የሰማ ሰው መሠከረ፣ የመሠከረም ለምስክርነቱ ሞተ። ይህ ከመታዘዝ የራቀ አቅጣጫ ነው፤ ሰማዕት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ አልታዘዝም ያለ ነውና። በአማርኛ ደግሞ «ተስማማ» አለ፤ እርስ በርስ ተሰማማ ማለት ነው። በመግቢያችን ሆርኽ ከአለቆቹ ጋር «ባለመስማማቱ» ወጣ ብለን ስንጽፍ የመስማትን ግሥ መጠቀማችንን ያስተዋልነው ይህን ክፍል ስናዘጋጅ ነው። «ገሆርኸን» ውስጥ የሚሰማው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ «ስምምነት» ውስጥ ሁለቱም ይሰማሉ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1652 ጎታ በምትባለው ከተማ ከአባ ጎርጎርዮስ አጠገብ ተቀምጦ ቋንቋችንን ሲማር፣ በኋላም በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያሳትም፣ ሥራው የተገኘው በዚህ ሁለተኛው ዓይነት መስማት እንደሆነ እናምናለን።

ግድግዳ ላይ ያለ ጆሮ

«ሆርኸን» በር ላይ ጆሮ መለጠፍንም እንደሚያካትት ከላይ ጠቅሰናል። «ሆርኸር» የሚለው ስም በአብዛኛው መጥፎ ስም ነው፤ ከግድግዳ ጀርባ የሚያዳምጥ ሰው የራሱን ነውር ይሰማል የሚል የቆየ ተረት ጀርመኖች አላቸው። ቃሉ ከባዱን ሸክም የተሸከመው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1950 በምሥራቅ ጀርመን የተቋቋመው የመንግሥት ጸጥታ ሚኒስቴር፣ እስከ ፈረሰበት እስከ 1990 መባቻ ድረስ የስልክ ንግግር እየጠለፈ፣ በሰው መኖሪያ ቤት ማይክሮፎን እየተከለ፣ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ እያሠማራ የገዛ ሕዝቡን ሲያዳምጥ ኖረ። ሕዝቡ ይህን መሥሪያ ቤት በሹክሹክታ «ሆርኽ ኡንድ ጉክ» ይለው ነበር፤ «አዳምጥና ተመልከት» ማለት ነው። በስላቅ የመንግሥት ፋብሪካ እንደሆነ አድርገው፣ የድርጅት ማዕረግ ጨምረው የሚጠሩትም ነበሩ። የአውጉስት ሆርኽ የመኪና ስም ገና ከሰው አእምሮ ባልወጣበት አገር ቀልዱ ድርብ ትርጉም ነበረው። ከ1992 ጀምሮ ዜጎች ስለ ራሳቸው የተመዘገበውን እንዲያነብቡ ሲፈቀድ፣ ብዙዎች የገዛ ሳሎናቸውን ንግግር በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ አገኙት።

ከውሕደቱም በኋላ ጉዳዩ አልተዘጋም። በ1998 ጀርመን ወንጀልን ለመመርመር በመኖሪያ ቤት ውስጥ ድምፅ መጥለፍ እንዲቻል ሕገ መንግሥቷን አሻሻለች። ተቃዋሚዎች ድርጊቱን ከ«ላውሸን» በወጣ ቃል «ላውሽአንግሪፍ»፣ ማለትም «የማድመጥ ጥቃት» ይሉት ነበር፤ ቃሉ ከእነርሱ አልፎ የሁሉም መጠሪያ ሆነ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በመጋቢት 2004 የማስፈጸሚያ ሕጉን ሰፊ ክፍል ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም ብሎ ወሰነ። የሰው የግል ሕይወት አንድ እምብርት አለው፤ እዚያ ውስጥ መንግሥት ጆሮውን ማስገባት አይችልም የሚል ነበር መሠረታዊ ሐሳቡ።

የ«ሆርኸር» አማርኛ ፍቺ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም። «ጆሮ ጠቢ» ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል፤ ከጀርመንኛውም ይልቅ ሥጋዊ ነው። ችግሩ ግሡን ስንተረጉም ነው። በር ላይ ለቆመው «ጆሮውን ለጠፈ»፣ ለነቃችው እናት «ጆሮዋን አቀናች»፣ ለመካኒኩ «ልብ ብሎ አዳመጠ» ብንል ይስማማል፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል ግን አላገኘንም፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ማዳመጥ» ብለው ባያልፉት መልካም ነበር። ብቸኛው ልዩነት «አብሆርኸን» የሚለው ግሥ ነው፤ ሐኪም በታማሚ ደረት ላይ ጆሮውን አድርጎ የልብንና የሳንባን ድምፅ ሲመረምር የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ በ1816 በፓሪስ፣ ጆሮውን በቀጥታ ደረቷ ላይ ማድረግ ባልተመቸው አንዲት ሕመምተኛ ፊት ወረቀት ጠቅልሎ በዚያ ቱቦ እስኪያዳምጥ ድረስ ሐኪሞች ይህን የሚያደርጉት በባዶ ጆሮ ነበር። ከዚያ ቱቦ የተወለደውን መሣሪያ የጤና ባለሙያዎቻችን «ማዳመጫ» ይሉታል። እዚህ ላይ አማርኛውና ጀርመንኛው ልክ ለልክ ይገጥማሉ፤ ሐኪሙ የሚያዳምጠው ደካማና የተሸፈነ ድምፅ ነው፤ ሊያገኘውም ይጥራል፤ ክፍሉም ጸጥ እንዲል ይጠይቃል።